ፊዚካል ቴራፒ በትንሽ ከተማ፦ የምታክማችሁ ሴት ማን ናት?

እዚህ ሚኒሶታ ዎርዚንግተን ብዙዎቻችን የገባነው በአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ሥራ ነው። ቢላ ይዞ ሲቆርጥ የሚውል ሰው ውሎ አድሮ ትከሻውን ያመዋል። "ይለቀኛል" እያለ በቅባት ሲያሽ ይከርማል፤ ሲብስበት ሐኪም ዘንድ ይሄድና "ፊዚካል ቴራፒ" (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ይባላል።

የመጀመሪያውን ቀን የሚያያችሁ ፒቲ የሚባለው ቴራፒስት ነው። መርምሮ፣ ለክቶ የሕክምና ዕቅድ ያወጣል። በሁለተኛው ቀጠሮ ግን ሌላ ሰው ትመጣለች፤ ባጇ ላይ ከስሟ ቀጥሎ "ፒቲኤ" ይላል። እኔ "ተማሪ ላኩብኝ" ብዬ ተቀይሜ ነበር። ተማሪ አይደለችም። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጨርሳ፣ ብሔራዊ ፈተና አልፋ፣ ከስቴቱ ፈቃድ ያወጣች የፒቲው ረዳት ናት። ዕቅዱን ትሠራበታለች እንጂ አታወጣውም፤ እንደ አዲስ መመርመርም፣ ሕክምናው አብቅቷል ማለትም የፒቲው ድርሻ ነው። አልጋ የሚያጸዳው፣ በረዶ የሚያቀብለው ልጅ ደግሞ ኤይድ ይባላል፤ እሱ ፈቃድ የለውም። ያላትን ፈቃድ ማየት የፈለገ የሚኒሶታ ፊዚካል ቴራፒ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስሟን ይፈልግ።

ትንሽ ከተማ ላይ አማራጩ ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ የሆስፒታሉን የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ጠይቁ። ደቡብ ዳኮታ ያለችው ከተማ ሱ ፎልስ ብዙ ክሊኒክ አለ፤ ግን 60 ማይል ያህል ነው፣ በሳምንት ሁለቴ በክረምት መንገድ መመላለስ ደግሞ ከባድ ነው። በቅርብ ረዳቷ ብትሠራላችሁ፣ ፒቲው በየስንት ጊዜው እንደሚያያችሁ ብቻ ጠይቁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ረዳቷ "እንዴት ነህ?" ስትለኝ እንደ አገሬ ልማድ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ሕመምህ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ስትል፣ ያን ሁሉ ስትደክምልኝ አይቼ በይሉኝታ "ሁለት" እላለሁ። እሷም የነገርኳትን ጻፈች፤ የምስበውን ላስቲክ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ከፍ አደረገችው። አንድ ቀን በስልክ አስተርጓሚ በኩል "በዚያ ጎንህ ትተኛለህ?" አለችኝ። "ኧረ ከተኛሁበት ወር አለፈኝ!" አልኩ። ላስቲኩን ከእጄ ተቀብላ አስቀመጠችና ፒቲውን ጠራችው። እሱም ክንዴን እያነሳ በፕላስቲክ ማዕዘን መለኪያ ለካው፤ ወደ ቢጫው ተመለስን። ያ ሁሉ ሳምንት የባከነው እኔ "ሁለት" ስላልኩ ነው። እባካችሁ፣ ማታ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ልጅ ማንሳት ካቃታችሁ፣ እንዲያው በደፈናው ሳይሆን እንደዚያው ንገሯት። ጾም ላይ ከሆናችሁም ንገሯት፤ በባዶ ሆድ ብታሠራችሁ ራሳችሁን ሊያዞራችሁ ይችላል።

አስተርጓሚ በነጻ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ይህን እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድደዋል። ቀጠሮ ስትይዙ "አምሃሪክ" በሉ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ እናት ስለ ወገቧና ስለ ሽንቷ በልጇ አፍ ልትናገር አይገባም። የምትነካኝ ሴት ትሁን ማለትም ይቻላል።

ሕመሙ በሥራ ላይ የመጣ ከሆነ በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘራችሁ አሳውቁ፤ ቀኑንም ጽፋችሁ ያዙ። ክሊኒኩ ውስጥም "የሥራ ጉዳት ነው" በሉ፤ የወርከርስ ኮምፕ (የሥራ ጉዳት ኢንሹራንስ) ከሆነ ኮፔይ፣ ማለትም ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን ድርሻ፣ አትከፍሉም። አለበለዚያ ኮፔዩ በየቀጠሮው ነው። ቢል ላይ 97110 የሚል ቁጥር ስታዩ አትደንግጡ፤ የእንቅስቃሴ ሕክምና ማለት ነው፣ የሚቆጠረውም በ15 ደቂቃ ነው።

ወጌሻ የለመደ ሰው "አላሸችኝም፣ ዝም ብላ ስፖርት ታሠራኛለች" ብሎ ያቋርጣል። ሕክምናው ስፖርቱ ነው። ሥዕል ያለበት ወረቀት ትሰጣችኋለች፤ የእኔ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከፈረቃ ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ አስር አስሩን ሦስት ዙር እሠራ ነበር።