የሚላላው የአማ ማሰሪያ እንዴት ተስተካከለ

ኦዋሁ በተባለችው የሃዋይ ደሴት ላይ የምንቀዝፋት ባለ ስድስት ሰው ታንኳ ባሕር ገብታ ትንሽ ስትቆይ ማሰሪያዋ ይላላ ነበር። የሃዋይ ታንኳ በግራዋ አማ የሚባል ተንሳፋፊ አላት፤ ከታንኳዋ ጋር የሚያገናኙት ደግሞ ኢያኮ የሚባሉ ሁለት ጎበጥ ያሉ እንጨቶች ናቸው፣ በባህሉ ሁሉም በገመድ እንጂ በሚስማር አይያያዝም። አማውን ይዤ ስነቀንቀው የፊተኛው ኢያኮ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። ማዕበል ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አማው ከተፈታ ትገለበጣላችሁ።

ችግሩ ገመዱ ነው። ናይለን ሲርስ ይለጠጣል። ሙሉ በሙሉ ፈትቼ በጥጥ ገመድ ቀየርኩት፣ ጥጥ ውሃ ሲነካው ጭራሽ ይጠብቃል። ዙሮቹን ሳይደራረቡ ጎን ለጎን እያስተኛሁ፣ የገመዱን ጫፍ ዱላ ላይ ጠቅልዬ በሰውነቴ ክብደት ወደ ኋላ እየሳብኩ አሰርኩ። ዋናው ነገር ግን መጨረሻ ላይ ነው፦ ከኢያኮው በታች ገመዱን በአግድም አዙሮ ቀጥ ያሉትን ዙሮች አንድ ላይ ወገባቸውን ማነቅ። ይሄን እንዳትዘሉት፣ ጥንካሬው እዚያ ነው ያለው! ከዚያ ወዲህ ኢያኮው ንቅንቅ አላለም።

ድሮ በኮኮናት ቃጫ ነበር የሚታሰረው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከሃዋይ ተነስታ ታሂቲ የደረሰችው ሆኩሌአ የተባለችው ባለ ሸራ ታንኳም በገመድ የታሰረች ናት። ጥጥ ግን ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ከባሕር ስትወጡ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት።