በኦፕን ሶርስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ክርክር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ፣ በኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ዙሪያ ቡና በሚጠጡ ተማሪዎች መካከልም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ባሉ የኮምፒውተር ጥገና ሱቆች፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነው ሊኑክስ ስለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚነሳ ክርክር ብዙውን ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ሲስተሙ እንዴት ተነደፈ፣ ኮዱ በምን ፈቃድ ተለቀቀ እና ማን ይንከባከበዋል የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ስለሚደባለቁ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት የ1992ቱን የታነንባምና የቶርቫልድስ ክርክር እንደ እግር ኳስ ውጤት ቆጥሮ «ሊኑክስ አሸነፈ፣ ማይክሮከርነል ተሸነፈ» ማለት ነው። (ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ ማይክሮከርነል ደግሞ ጥቂት ሥራ ብቻ በውስጡ ይዞ የቀረውን ለተለዩ ፕሮግራሞች የሚተው ነው።) በማይክሮከርነል የተሠራው የሚኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደራሲ ፕሮፌሰር አንድሪው ታነንባም ካነሷቸው ነጥቦች ዋናዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛ፣ የፋይል ሲስተሙንና ድራይቨሮቹን (ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞችን) ሁሉ በአንድ ትልቅ ከርነል ውስጥ ማጨቅ ወደ 1970ዎቹ መመለስ ነው፤ ሁለተኛ፣ ከኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ጋር የተጣበቀ ሲስተም ሩቅ አይሄድም። የሊኑክስ ፈጣሪ፣ ያኔ የሄልሲንኪ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስም ማይክሮከርነል በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የተሻለ መሆኑን አልካደም። ለሁለተኛው ነጥብ መልስ የሰጠው ኮዱ ራሱ ነው፤ በ1995 የወጣው ሊኑክስ 1.2 እንደ አልፋ ባሉ ሌሎች ፕሮሰሰሮችም ላይ ይሠራ ነበር። ተከራካሪዎቻችን የሚዘሉት ግን የፈቃዱን ጉዳይ ነው። ሚኒክስ በወቅቱ በአሳታሚ ድርጅት በኩል የሚሸጥ ስለነበር፣ አሻሽሎ ሙሉውን ማሰራጨት አይፈቀድም፤ ማሻሻያዎች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት በፓች (የለውጡን ክፍል ብቻ በያዘ ፋይል) መልክ ብቻ ነበር። ሊኑክስ ደግሞ በገንዘብ ማሰራጨትን ይከለክል የነበረውን የመጀመሪያ ፈቃዱን ትቶ በዚያው በ1992 ወደ ጂፒኤል ዞረ፤ ይህ ፈቃድ ኮዱን መለወጥና ማሰራጨት የሚፈቅድ፣ የሚያሰራጨው ሰው ግን ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራመር የጻፈውን ኮድ) በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነው። ሚኒክስ ግዴታው የላላ የቢኤስዲ ዓይነት ፈቃድ ያገኘው በ2000 ነው፤ በመካከሉ ፕሮግራመሮች ለምን ወደ ሊኑክስ እንደጎረፉ ለማስረዳት የከርነል ንድፍ ብቻውን አይበቃም።

ተሸናፊ የተባለውም የት እንደደረሰ ማየት ደግ ነው። ከ2015 ገደማ ወዲህ በተሠሩ ባለ ኢንቴል ላፕቶፖች ውስጥ ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለው የተደበቀ ክፍል የሚሠራው በሚኒክስ 3 ነው። ነገሩ በ2017 በሰፊው ሲታወቅ ታነንባም ለኢንቴል ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ ፈቃዱ ባያስገድድም አስቀድሞ ቢነገራቸው ደስ ይላቸው እንደነበር ገልጸዋል። ዛሬ በጥገና ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) የሚጫንበት ላፕቶፕ፣ ሁለቱንም ተፋላሚዎች በአንድ ሳጥን ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውና እጅግ የተስፋፋው ስህተት ጂፒኤልን ያለ ማንበብ መፍራት ነው። «ኮዱን ከነካህ ለዓለም ሁሉ መግለጥ አለብህ» ይባላል፤ ስህተት ነው። ግዴታው የሚመጣው ፕሮግራሙ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው። ጅማ ያለ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት የራሱን ሰርቨር ከርነል ለውጦ እዚያው ቢጠቀምበት ማንም ሶርስ ኮዱን አይጠይቀውም። አንድ ባለሱቅ ግን ኦፕን ደብልዩአርቲ የተባለውን የራውተር ሊኑክስ አሻሽሎ በራውተር ላይ ጭኖ ቢሸጥ፣ በውስጡ ላለው የሊኑክስ ከርነል በጂፒኤል ሁለተኛ እትም መሠረት ወይ ሶርስ ኮዱን አብሮ ይሰጣል፣ ወይ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል ያያይዛል፤ ቃሉን ይዞ ለሚመጣ ሰውም ኮዱን ሲሰጥ ከማባዣው ወጪ በላይ አያስከፍልም። ራውተሩን ግን በፈለገው ዋጋ መሸጥ ይችላል፤ ሊኑክስን በፍላሽ ጭኖ ገንዘብ መቀበልም እንደዚሁ የተፈቀደ ነው። ከከርነሉ በላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በተመለከተም፣ በሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት በሚጠይቅበት መንገድ) ብቻ የሚገናኙ እስከሆኑ ድረስ ግዴታው እንደማይነካቸው ከከርነሉ ፈቃድ ጋር የተያያዘው ማስታወሻ በግልጽ ያስቀምጣል።

ሦስተኛው፣ «ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ከሆኑ ማዋሃድ ይቻላል» ብሎ ማሰብ ነው። ዜድኤፍኤስ የተባለውን ፋይል ሲስተም ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2005 የለቀቀው ሲዲዲኤል በሚባል ፈቃድ ነው። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከ2008 ጀምሮ ያለ ችግር አካትቶታል፤ የራሱ ፈቃድ የላላ ስለሆነ። ሊኑክስ ላይ ግን ሲዲዲኤልና ጂፒኤል የየራሳቸውን ቅድመ ሁኔታ ስለሚጭኑ፣ የኡቡንቱ አዘጋጅ ካኖኒካል በ2016 ከኡቡንቱ 16.04 ጋር ሲያቀርበው ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ተሟጋች ድርጅት የፈቃድ ጥሰት ነው ሲል ተቃውሟል። በዚህ ጉዳይ የፋይል ሲስተሙ ጥራት ላይ ማንም አልተከራከረም፤ ስለዚህ «ዜድኤፍኤስ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ሊኑክስ ውስጥ ይገባ ነበር» የሚል ሰው ሌላ ክርክር ውስጥ ነው ያለው።

«ሊነስ ከርነሉን ለምን ወደ ጂፒኤል 3 አያሻግረውም?» ለሚሉ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ሦስተኛው እትም በ2007 ወጥቷል፤ ከርነሉ ግን በሁለተኛው እትም ብቻ የተለቀቀ ነው፤ የኮዱ ባለመብቶችም በሺዎች የሚቆጠሩ አስተዋጽዖ አድራጊዎች ናቸው። ቶርቫልድስ ቢፈልግ እንኳ ብቻውን አይችልም፤ ደግሞም አልፈለገም።

የመጨረሻው፣ ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስጀምረውን የሲስተምዲን ጭቅጭቅ የፈቃድ ጭቅጭቅ አድርጎ ማቅረብ ነው። ሲስተምዲ ኤልጂፒኤል በሚባል ከጂፒኤል የላላ ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ ፈቃዱን የተቃወመ ጉልህ ወገን የለም። በ2014 ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ቴክኒክ ኮሚቴ ድምፁ እኩል ተከፍሎ በሰብሳቢው ድምፅ ሲስተምዲን ሲመርጥ፣ በዚያው ዓመትም ዴቩዋን የተባለው ቅርንጫፍ ሲታወጅ፣ ጥያቄው ኮምፒውተሩ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስጀምር አንድ ፕሮግራም ሎግ (የሥራ መዝገብ) መያዝንና የተጠቃሚ መግቢያን ጭምር መጠቅለል አለበት ወይ የሚል ነበር። ተቺው ሎግ የሚይዘውን ጆርናልዲን ይሁን መግቢያውን የሚያስተዳድረውን ሎጊንዲን እንደሚተች በስም ቢጠቅስ፣ ደጋፊውም ለዚያው ክፍል ብቻ መልስ ቢሰጥ ክርክሩ ግማሹ ያልቅ ነበር።