በሦስት ጣሳ የሚሠራ ስሎት ማሽን፦ ስልኩን ከመንካታችሁ በፊት ቁጠሩት

የእህቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ስልኩን እንደያዘ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ለጎማ መግዣ ያስቀመጠውን 2,800 ብር በስልኩ የስሎት ጨዋታ በሁለት ሌሊት ጨርሶታል። ስሎት ማለት ሳንቲም አስገብተው ክንዱን ሲስቡት ምስል ያለባቸው ክቦች የሚዞሩበት፣ አንድ ዓይነት ምስል ከተሰለፈ የሚከፍል የቁማር ማሽን ነው፤ አሁን በስልክም መጥቷል። «ጋሼ፣ እርስዎ የማሽኑ ሰው ነዎት፤ መቼ እንደሚከፍል ይንገሩኝ» አለኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ ነው፤ ላስ ቬጋስ 21 ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ የኛ ሰው ብዙ ነው። ታክሲ የሚነዳው ይነዳል፣ ካርታ የሚያድለው ያድላል፤ እኔ 16ቱን ዓመት የስሎት ማሽን ሆድ ስከፍትና ስጠግን ነው የኖርሁት። መቼ እንደሚከፍል ግን አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም የለም። ከስንት ጊዜ ስንቴ ይከፍላል ለሚለው መልስ አለው፤ ተቆጥሮ ይገኛል። ያን ማታ ከወጥ ቤት ሦስት ባዶ የቲማቲም ጣሳ አስመጣሁ። የሠራነውን እናንተም ቤታችሁ እንድትሠሩት እነሆ።

ሦስት እኩል ጣሳ፣ ቀጥ ያለ ወፍራም ሽቦ፣ ነጭ ወረቀት፣ ሙጫና አንድ ሰሃን ሽምብራ ያስፈልጋችኋል። የተከፈተውን የጣሳ አፍ በክብ ካርቶን ድፈኑ፤ ሁለቱንም ጫፍ መሐል ለመሐል በሚስማር ብሱና በሽቦው ላይ ሰኩት። የጣሳውን ዙሪያ በወረቀት ለኩና ወረቀቱን ለ10 እኩል ክፈሉት፤ ዙሪያው 23 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለአንዱ ምስል 2.3 ይደርሰዋል። በየጣሳው ላይ 1 ደወል፣ 2 በሬ፣ 3 ቀፎ፣ 4 የጤፍ ዛላ ሳሉ፤ አንድ ዓይነቶቹን አታጎራብቷቸው። ሽቦውን በሁለት ጡብ ላይ አሳርፉና ከጣሳዎቹ ፊት አንድ ክር በአግድም ወጥሩ። ክሩ ላይ የቆመው ምስል ነው የሚቆጠረው።

አሁን ችላ የማትሉት ነገር፦ ጣሳ የተበየደበት ጎኑ ይከብዳል፤ ስለዚህ ያ ጎን ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። እያንዳንዱን ጣሳ 50 ጊዜ አሽከርክሩና የቆመበትን ጻፉ። አንድ ምስል ከልክ በላይ ከተመላለሰ በጣሳው ውስጥ ከከባዱ ጎን ትይዩ ትንሽ ሰም ለጥፉ። ሰም በጎጃም አይጠፋም። እኛ ሁለተኛው ጣሳ ላይ ሦስት ጊዜ ለጥፈን ነው የተስተካከለው።

ክፍያው ይህ ነው። አንድ ሽምብራ ታስይዛላችሁ። ሦስት ጤፍ 5፣ ሦስት ቀፎ 10፣ ሦስት በሬ 25፣ ሦስት ደወል 100 ሽምብራ ይከፍላል።

ከማሽከርከራችሁ በፊት ቁጠሩ። 10 በ10 በ10 ሲባዛ 1,000 ዓይነት አቋቋም አለ። ሦስት ጤፍ 4×4×4፣ ማለትም 64 መንገድ አለው፤ ሦስት ቀፎ 27፣ ሦስት በሬ 8፣ ሦስት ደወል 1 ብቻ። ከ1,000ው የሚከፍለው 100 ነው። በክፍያው አባዙት፦ 320፣ 270፣ 200፣ 100፤ ድምሩ 890። 1,000 ሽምብራ ከበላ 890 ይመልሳል ማለት ነው፤ 110ሩ ለአጫዋቹ ቤት ይቀራል። የስልኩ ጨዋታ 89 ፐርሰንት ተመላሽ ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው።

ልጁ አላመነኝም፤ ማመንም የለበትም። በሦስት ማታ 1,000 ጊዜ አዞረው፤ እናቱ ምልክት ታደርግ ነበር። ጤፍ 70፣ ቀፎ 29፣ በሬ 9 ጊዜ መጣ፤ ሦስት ደወል አንዴም አልመጣም። የተመለሰለት 865 ሽምብራ ነው። ደግሞ በመሐል አንድ ሰዓት ያህል ከሰጠው በላይ ይዞ ነበር፤ «ይኸው፣ ሞቋል!» ብሎ ጮኸ። ጣሳ አይሞቅም። ጣሳው ቅድም የቆመበትን አያስታውስም፤ ምስሉ የት እንደሚቆም የሚወስነው የስልኩ ቁጥር አውጪም እንዲሁ ነው፤ ያለፈው ዙር ለቀጣዩ ምንም አይነግረውም።

ይህ የጣሳ አሠራር የመጀመሪያው ማሽን አሠራር ነው። ቻርልስ ፌይ የሚባል ከባቫሪያ የሄደ መካኒክ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ «ሊበርቲ ቤል» ብሎ ሠራው። እንደ ጣሳዎቻችን የሚዞር ሦስት ክብ ነበረው፤ ሦስት ደወል ሲሰለፍ 10 ኒኬል፣ ማለትም 50 ሳንቲም ይከፍል ነበር። እንዲህ ያለውን ማሽን ከፍቶ ምስሉን የቆጠረ ሰው ዕድሉን በትክክል ያውቃል። እኔም ሙያውን የወደድሁት ለዚህ ነው፤ ብረቱ አይደብቅም።

ድብቁ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ኢንጌ ቴልናስ የተባለ መሐንዲስ ክቡ የሚቆምበትን ኮምፒውተር በቁጥር እንዲወስን የሚያደርግ የፈጠራ መብት አገኘ። በጣሳችሁ ታዩታላችሁ። 20 ቁራጭ ወረቀት በከረጢት ጨምሩ፦ ደወል 1፣ በሬ 4፣ ቀፎ 6፣ ጤፍ 9። ለእያንዳንዱ ጣሳ አንድ ወረቀት አውጡ፤ ጣሳውን በወጣው ምስል ላይ በእጃችሁ አቁሙ፤ ወረቀቱን ወደ ከረጢቱ መልሱ። ጣሳው ላይ ያለው ምስል አልተለወጠም፤ ዓይን አሁንም ከ10 አንድ ደወል ያያል። ሦስት ደወል ግን ከ8,000 አንዴ ሆነ። አስገራሚው ክፍል ተመላሹ ነው፦ 3,645 ለጤፍ፣ 2,160 ለቀፎ፣ 1,600 ለበሬ፣ 100 ለደወል፤ ከ8,000 ውስጥ 7,505፣ ወደ 94 ፐርሰንት ገደማ። ተመላሹ ከ89 ወደ 94 ወጣ፤ ትልቁ ሽልማት ግን ስምንት እጥፍ ራቀ። ስለዚህ ከፍ ያለ ፐርሰንት አይታችሁ ትልቁ ሽልማት ቀርቧል አትበሉ።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ጨዋታውን እንደከፈታችሁ የመመሪያውን ገጽ ፈልጉና የተመላሹን ፐርሰንት አንብቡ። አንዱ ጨዋታ በተለያየ ፐርሰንት ተዘጋጅቶ ለድርጅቶች ይሸጣል፤ ስለዚህ ጓደኛችሁ ሌላ ቦታ ያየው ቁጥር ለእናንተ አይሠራም። ቁጥሩ ጨርሶ ካልተጻፈ ዝጉት። ከዚያ ፍጥነቱን አስሉ። በ5 ብር በደቂቃ 10 ጊዜ ብትጫኑ በሰዓት 600 ጊዜ ነው፤ 3,000 ብር አስይዛችኋል። በ96 ፐርሰንት እንኳ በአማካይ 120 ብር በየሰዓቱ ይሄዳል፤ በአንድ ምሽት ደግሞ ከአማካዩ እጅግ የባሰ ሊሆን ይችላል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ በታች እንዳይሆን አገዱ፤ ራሱን በራሱ የሚያዞረውንም ቁልፍ ከለከሉ። ከተያዘው ያነሰ ሲመለስ የደስታ ሙዚቃ ማሰማትም ቀረ። 5 ብር አስይዞ 2 ብር ሲመለስለት ስልኩ የሚዘፍንለት ሰው 3 ብር ተበልቷል። ልጁ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ስልኩን አየው።

ቦነስንም አስሉ። 500 ብር ሰጥተው «30 እጥፍ ተጫወት» ካሉ 15,000 ብር ማስያዝ አለባችሁ፤ በ94 ፐርሰንት የዚያ አማካይ ኪሳራ 900 ብር ነው። የጎማ፣ የኪራይ፣ የትምህርት ብር ባለበት ቴሌብር ላይ ጨዋታ አታያይዙ። ማየት ብቻ ለሚፈልግ ብዙዎቹ ያለ ገንዘብ መሞከሪያ አላቸው።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁና አሮጌውን የብረት ማሽን ለመግዛት የምትመኙ ደግሞ ትጠይቁኛላችሁ፤ ይህን በደስታ ነው የምመልሰው። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ በየግዛቱ ይለያል፤ ካሊፎርኒያ ከተሠራ 25 ዓመት ያለፈውን ትፈቅዳለች፤ ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ። ወደዚህ ለመላክ ያሰበ ከማሸጉ በፊት ጉምሩክን ይጠይቅ። ሚልስ፣ ጄኒንግስ፣ ዋትሊንግና ፔስ የቺካጎዎቹ ትልልቅ ማሽን ሠሪዎች ነበሩ። ሻጩ ጀርባውን እንዲከፍትና ሞተር የሌለውን የውስጥ ክፍል ስቦ እንዲያወጣ ጠይቁ፤ እንቢ ካለ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1920 ተሠራ በተባለ ማሽን ላይ የመስቀል ራስ ያለው ብሎን ካያችሁ ቢያንስ ብሎኑ ተቀይሯል፤ ያ ብሎን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የምስሉ ወረቀትና የክፍያው ካርድ ቢገረጡም የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ አትንኳቸው፤ የብረቱን የኒኬል ቅብ አሳምራለሁ ብላችሁም አትፈግፍጉት፤ ዋጋው የሚወርደው በዚያ ነው።

ክንዱ ከተያዘ በኃይል አትሳቡት። ብዙ ጊዜ የተያዘው በውስጡ ባለው ሰዓት ነው። ክቦቹ አንድ በአንድ እንዲቆሙ የሚያደርግ፣ ትንሽ ማራገቢያ ያለው ጥርሳም ነገር ነው፤ አሮጌ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። አጥቡትና የሰዓት ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ ስጡት። ክቦቹ ጎን ያሉት ቀዳዳ ያላቸው ዝርግ ብረቶች ላይ ዘይት አታፍስሱ፤ የክፍያው ጣቶች ቀዳዳውን ዳስሰው ነው አሸናፊውን የሚያውቁት፤ ዘይቱ አቧራ ከያዘ ይሳሳታሉ።

ሄዳችሁ ማየት ካልቻላችሁ ሻጩ ድምፁን በስልክ ቀርጾ ይላክላችሁ። የእኔ ባለ 5 ሳንቲም ሚልስ ላስ ቬጋስ ወንድሜ ቤት ነው፤ እሑድ እሑድ ስንደዋወል ክንዱን ስቦ ያሰማኛል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሦስቱ መሐል ያለው ዝምታ እኩል ከሆነ ሰዓቱ ጤነኛ ነው።