ወደ እኔ የሚሮጠውን መጋዝ እንዴት አስተካከልኩት

ጋራዤ ውስጥ አሮጌ ራዲያል አርም መጋዝ አለኝ። ሞተሩና ዲስኩ ከጠረጴዛው በላይ፣ በብረት ክንድ ላይ የሚንሸራተቱበት ዓይነት ነው። ወፍራም ጣውላ ስቆርጥ ዲስኩ ድንገት እንጨቱ ላይ እየወጣ ወደ እኔ ይሮጥ ነበር። በጣም ያስደነግጣል።

መጀመሪያ ሞተሩን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ ግን ዲስኩ ላይ ነበር። ለጠረጴዛ መጋዝ፣ ማለትም ዲስኩ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ለሚልበት ዓይነት፣ የተሠራ ዲስክ ነው የገጠምኩት፤ ጥርሶቹ ወደፊት 20 ዲግሪ ያህል ያዘነብላሉ። እዚህ መጋዝ ላይ ጥርሶቹ እንጨቱን ወደ ኋላ፣ ወደ መደገፊያው ሲገፉ ዲስኩ ራሱን ወደ ሠራተኛው ይስባል። ጥርሱ ወደፊት ባዘነበለ ቁጥር ንክሻው ይበረታል። ጥርሶቹ ወደ ኋላ 5 ዲግሪ ያዘነበሉ፣ ባለ 60 ጥርስ በሆነ ዲስክ ቀየርኩት። ለውጡ ወዲያው ታወቀኝ።

ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ ኩሽኔታዎቹ የሚሄዱበትን ሐዲድ ጠረግኩ። ሙጫና ሰጋቱራ ተጋግሮበት ነበር። ግራሶ አልቀባሁትም፤ አቧራ ይይዛል። ኩሽኔታዎቹን ሞተሩ እስከማይወዛወዝ፣ ግን በቀላሉ እስኪንሸራተት ድረስ አጠበቅኩ። ክንዱንም በስኳድራ 90 ዲግሪ አስተካከልኩ።

አሁን ስቆርጥ ክርኔን አላጥፍም፤ ክንዴ ቀጥ ካለ መጋዙ ሊሮጥብኝ አይችልም። እንጨቱን የያዘው እጄ ከዲስኩ መንገድ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ዲስኩን ወደ ኋላ መልሼ፣ አጥፍቼ፣ መዞሩን እስኪያቆም ሳልጠብቅ እንጨት አላነሳም። ጣውላ በቁመቱ መሰንጠቅ ግን በዚህ መጋዝ ትቻለሁ። ለእሱ የጠረጴዛ መጋዝ ይሻላል።