ፍቺ ከመጠየቅዎ በፊት፦ በብዛት የሚነሡ የሕግ ጥያቄዎችና የጠበቃ አመራረጥ

ትዳሩ ሊፈርስ የተቃረበ ሰው ጠበቃ ዘንድ ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው በደሉን ነው፤ ማን ዋሸ፣ ማን ከዳ፣ ማን ቤቱን ጥሎ ወጣ። ተጎድቷልና ይህን ማስቀደሙ አያስወቅሰውም። ይሁን እንጂ በብዙ አገሮች ፍቺ ለማግኘት ጥፋተኛውን ማስረዳት ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ጥፋትን ከፍቺ ምክንያትነት አውጥታለች፣ እንግሊዝና ዌልስም ከ2022 ወዲህ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ስለዚህ «ጥፋቱ የማን ነው?» ከማለት ይልቅ «ፍርድ ቤቱ የሚወስነው ስለ ምንድን ነው? ለዚያስ ምን ማስረጃ አለኝ?» ብሎ መነሣት ይበጃል። በደሉ ፈጽሞ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ድብደባ፣ ዛቻ ወይም ንብረት ማሸሽ ካለ በልጆች አያያዝና በንብረት ክፍፍል ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ለሕይወትዎ የሚያሰጋ ነገር ካለ ደግሞ የፍቺውን ውሳኔ ሳይጠብቁ የጥበቃ ትእዛዝ እንዲሰጥዎ በአስቸኳይ ያመልክቱ።

«አልፈርምም ቢለኝስ?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያስጨንቃል። የአንደኛው ወገን እምቢተኝነት ጉዳዩን ከስምምነት ወደ ክርክር ይወስደዋል፣ ጊዜና ወጪም ይጨምራል፤ በአብዛኛው ግን ፍቺውን አያስቀርም። መጥሪያ የደረሰው ሰው ዝም ማለቱ ከዚህ የባሰ ጉዳት አለው፤ የመልስ መስጫው ቀን ካለፈ ጉዳዩ እሱ በሌለበት ታይቶ ሊወሰንበት ይችላልና።

የንብረት ጥያቄ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቤቱ ወይም መኪናው በአንዱ ስም መመዝገቡ የእሱ ብቻ ነው ለማለት ብዙ ጊዜ አያበቃም፤ መቼ፣ በማን ገንዘብ፣ በምን ምክንያት ተገኘ የሚለው ይመረመራል። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ሀብት በብዙ ሕጎች የግል ሆኖ ይቆያል፤ ነገር ግን የውርሱ ገንዘብ ከደመወዝ ጋር በአንድ የባንክ ሒሳብ ተቀላቅሎ ለዓመታት ወጪ ሲደረግበት ከቆየ ለይቶ ማስረዳት እጅግ አድካሚ ይሆናል። የብዙዎችን ዓይን የሚያመልጠው ግን ዕዳው ነው። ባልና ሚስት በጋራ ፈርመው የወሰዱትን ብድር «እሱ ይክፈል» ብለው ቢስማሙ እንኳ ስምምነቱ አበዳሪውን ባንክ አያስገድደውም፤ እሱ ካልከፈለ ባንኩ ተመልሶ እርስዎን ይጠይቃል። ስለዚህ ስምምነት ከመፈረምዎ በፊት ብድሩ ተከፍሎ የሚዘጋበት ወይም በአንዱ ስም ብቻ የሚዛወርበት መንገድ መኖሩን ያረጋግጡ።

ልጆችን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 3 የልጁ ጥቅም በቀዳሚነት እንዲታይ ያዛል። በዚህም ምክንያት ወላጆች የተስማሙበትን ሐሳብ እንኳ ዳኛው ልጁን የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው ላያጸድቀው ይችላል። ቀለብ ባለመከፈሉ ልጁን ከወላጁ እንዳይገናኝ መከልከል፣ ወይም ባለመገናኘት የተነሣ ቀለብ ማቋረጥ በብዙ ቦታ ተቀባይነት የለውም። ልጅን ያለ ሌላው ወላጅ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መውሰድማ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ያለ አግባብ ከአገር የተወሰዱ ልጆችን ስለ መመለስ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሄግ ስምምነት ተፈጻሚ በሚሆንባቸው አገሮች መካከል ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደሚኖርበት አገር እንዲመለስ ሊታዘዝ ይችላል።

ጠበቃ ሲፈልጉ አስቀድመው የጥብቅና ፈቃዱ የጸና መሆኑንና በቤተሰብ ጉዳይ በየጊዜው የሚከራከር መሆኑን ያጣሩ። ታሪክዎን ከማውራትዎ በፊት የትዳር ጓደኛዎን ስም ይንገሩት፤ ቀድሞ እሷን ወይም እሱን አማክሮ ከሆነ የእርስዎን ጉዳይ መያዝ አይገባውም። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ አንድ ጠበቃ ለሁለታችሁም እንዲቆም ማድረግን አልመክርም፤ የምትጣሉበት ነጥብ ሲመጣ ከአንዳችሁ ጎን መቆም አይችልም።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጁ፦ የጋብቻው ቀን፣ የልጆች የልደት ቀን፣ ተለያይታችሁ መኖር የጀመራችሁበት ቀን፣ እያንዳንዱ ንብረትና ዕዳ ከተገኘበት ዓመት ጋር። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የባንክ መግለጫና የብድር ውል ኮፒ ያያይዙ። ይህ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ጠበቃው ቀኑን ከሰነዱ እያመሳከረ የት ላይ ክፍተት እንዳለ ይጠይቃል፤ ጥያቄዎቹን በጥሞና ያዳምጡ፣ የችሎታው መለኪያ እነሱ ናቸውና። «ያለ ጥርጥር አሸንፍልሃለሁ» የሚለውን አይመኑት። የትኛው ጥያቄዎ እንደሚያዋጣና የትኛው እንደማያዋጣ ምክንያቱን ጠቅሶ የሚነግርዎት ይሻላል፣ ሲሰሙት ቢከፋዎትም።

ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በቁርጥ የሚለውን በጽሑፍ ይስማሙ፤ ከሚገኘው ንብረት በመቶኛ የሚታሰብ ክፍያ በፍቺ ጉዳይ በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው። አቅም ከሌለዎት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማትን ይጠይቁ። ውሉ ይግባኝንና የፍርድ አፈጻጸምን ይጨምር እንደሆነ ሳያዩ አይፈርሙ፤ የተፈረደ ቀለብ ሳይከፈል ሲቀር ለአፈጻጸሙ ሌላ ክፍያ የሚጠየቁት ይህ በውሉ ሳይካተት ሲቀር ነው።