የጋሼ ደብተሮችና የጠፋው ዓመተ ምሕረት

ጋሼ ሲያርፉ ባለቤታቸው ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ደብተር አስረከቡን። ዕድሜ ልካቸውን ስለ አዲስ አበባ ወፎችና ዛፎች የጻፉት ነው። አምስት ተማሪዎቻቸው አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ማኅበር አቋቋምን። ደንቡን ከዕቁብ ቀዳነው፤ ዳኛ አለን፣ ጸሐፊ አለን፣ የቀረ ማኪያቶ ይጋብዛል። ተመሳሳይ አደራ ለደረሳችሁ፣ ተሳስተን የተማርነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወራሾቹን አነጋግሩ። የቅጂ መብቱ ጸሐፊው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የእነሱ ነው። አንድ ገጽ ስምምነት አስፈርሙ፤ ፍቅር ሳለ።

የስቴፕለሩን ሽቦ ንቀሉ፤ ይዝጋል። ገጾቹን በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሱ። ቁጥር ስትሰጡ በእርሳስ ብቻ። ላሚኔት እንዳታስደርጉ! እኔ ሦስት ገጽ አስደርጌ፣ ይኸው ዛሬም ከፕላስቲኩ አልላቀቅ ብሎኛል።

ትልቁ ራስ ምታት ቀኑ ነው። ጋሼ ዓመት አይጽፉም። «እሑድ፣ መስከረም 17። እንጦጦ፣ አደይ ገና እንቡጥ ነው» ይላሉ። የስንት ዓመተ ምሕረት እሑድ? ባሕረ ሐሳብ፣ የአባቶችን የዘመን ስሌት፣ አወጣን። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ። ድምሩን ለ4 አካፍሉና ድርሻውን ብቻ ያዙ፤ ትርፉን ተዉት። ድርሻውን በድምሩ ላይ ጨምራችሁ ለ7 አካፍሉ። ቀሪው 0 ከሆነ መስከረም 1 ሰኞ ይውላል፤ 1 ከሆነ ማክሰኞ፤ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። መስከረም 17 እሑድ እንዲውል መስከረም 1 ዓርብ መሆን አለበት፤ ማለትም ቀሪው 4። ከ1970 እስከ 1990 ብንሞክር 1974 እና 1985 ብቻ ወጡ። ኅዳጉ ላይ ደግሞ «የልጄ ክርስትና ደረሰ» ይላል። ልጃቸው ጋ ደወልን። «እኔ እኮ ክርስትና የተነሣሁት በ74 ነው» ብላ ሳቀች። አለቀ።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ አደይ? አዎ። አሜሪካ ውስጥ ኮንኮርድ በምትባል ከተማ ደራሲው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ከ1852 እስከ 1858 እ.ኤ.አ. አበቦች የሚፈኩበትን ቀን መዝግቦ ነበር። ከ150 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች አመሳክረው፣ ብዙዎቹ ዛሬ ቀድመው እንደሚያብቡ አሳዩበት። በስሙ የቆመው ማኅበርም ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እኛ ገና ስምንት ወራችን ነው።

የወፍ ስም አታርሙ። ጋሼ «የመስቀል ወፍ» ካሉ የመስቀል ወፍ ነው። የሳይንስ ስሙን ከፈለጋችሁ በሌላ ወረቀት ያዙት፣ ከነጥያቄ ምልክቱ።

ዋናውን ደብተር ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ ለመስጠት አስበናል፤ ቅጂው ለቤተሰቡ ይቀራል። እስከዚያው ማዳበሪያውን መሬት ላይ አታሳድሩት። ሰኔ እየመጣ ነው።