«ሃክልቤሪ ፊን»ን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቤት የጠፋው ነጭ ልጅ ሃክና ከባርነት ያመለጠው ጂም በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የሚያደርጉትን ጉዞ የሚተርከው የማርክ ትዌይን «የሃክልቤሪ ፊን ጀብዱዎች» እ.ኤ.አ. በ1884 መጨረሻ በእንግሊዝ፣ በ1885 መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ ታተመ። በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከተሻረ 20 ዓመት ሊሞላው ነበር። ታሪኩ የሚፈጸምበት ዘመን ግን ሌላ ነው። ደራሲው በርዕሱ ገጽ ላይ «ከአርባ እስከ ሃምሳ ዓመት በፊት» ብሎ አስፍሮታል፤ ይህም ከ1835 እስከ 1845 አካባቢ መሆኑ ነው። ይህችን መስመር የዘለለ አንባቢ የእርስ በርስ ጦርነቱን ሲጠብቅ መጽሐፉ ያልቅበታል።

ዘመኑ ከታወቀ ካርታ መዘርጋት ነው። ያለ ካርታ የሚያነቡ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ታሪኩ የሚጀምርባት ሚዙሪ የባርነት ግዛት፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ኢሊኖይ ደግሞ ነፃ ግዛት ከሆነች ጂም ሚሲሲፒን ተሻግሮ ለምን አይገላገልም? ጥያቄው የዋህ ቢመስልም መልሱን ሳያገኙ ማለፍ አይገባም፤ ካለዚያ ጉዞው ሁሉ ትርጉም የለሽ ይሆናል። በ1793 የወጣው የፌዴራል ሕግ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ያመለጠበትን ሰው ከነፃ ግዛትም ሄዶ እንዲመልስ ይፈቅድ ነበር። ኢሊኖይም ብትሆን ነፃነቱን የሚመሰክር ወረቀት ያልያዘን ጥቁር ሰው እንደ ኮብላይ ቆጥሮ የሚያሳስር ሕግ ነበራት። መጽሐፉ ራሱ በምዕራፍ 11 መልሱን ይሰጣል። ሃክ የሴት ልጅ ልብስ ለብሶ ወሬ ሊሰማ ወደ ሚዙሪው ከተማ ሲሻገር፣ አባቱ ጂምን በመላው ኢሊኖይ ለማደን ከዳኛው ገንዘብ መቀበሉን ይሰማል፤ ይህን የምትነግረው ሴትም ጂም በተደበቀበት ደሴት ጭስ አይታ ባሏን ለ300 ዶላር ሽልማት የምትልክ ናት።

ስለዚህ ያሰቡት ኦሃዮ ወንዝ ከሚሲሲፒ ወደሚገናኝበት ከተማ መውረድ፣ እዚያ ታንኳቸውን ሸጠው በእንፋሎት መርከብ ኦሃዮን ሽቅብ መውጣት ነበር። የከተማዋ ስም አጻጻፍ ከግብፅ መዲና ጋር አንድ ነው፤ የአካባቢው ሰው «ኬሮ» ይላታል። ታንኳ የምለው ከእንጨት ሳንቃ የተሠራውን ሰፊ ተንሳፋፊ መድረክ ነው፤ ወርዱ 12፣ ርዝመቱ 15 ወይም 16 ጫማ። ሃክ የወንዙን ፍጥነት በሰዓት ከአራት ማይል በላይ ይለዋል፤ ይህ ነገር ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ሽቅብ አይመለስም። በምዕራፍ 15 ጉም ወርዶ ሁለቱን ለያያቸው፤ ኬሮንም ሳያዩ አለፏት። ማለፋቸውን ያወቁት በውኃው ቀለም ነው። በምዕራፍ 16 ሲነጋ ከዳር በኩል የኦሃዮ የጠራ ውኃ፣ ከወዲያ ደግሞ ጭቃማው ሚሲሲፒ ጎን ለጎን ሲፈሱ አዩ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ እያንዳንዷ ሌሊት ጂምን ወደ ባርነቱ እምብርት ትወስደዋለች። ይህን ያልያዘ አንባቢ የቀሩትን ምዕራፎች እንደ ሽርሽር ያነባቸዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ስህተት ልምጣ፤ በማስተማሪያ ማጠቃለያዎችም በተደጋጋሚ የሚገኝ ነው። «በምዕራፍ 31 ሃክ ባርነት ክፉ መሆኑን ተረዳ» ይላሉ። አልተረዳም! አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ አይገኝም። እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን በተለይ የሚያሳስተን «ሕሊና» የሚለው ቃላችን ነው። በእኛ ዘንድ ሕሊና ከወቀሰ የሚወቅሰው ለደግ ነው፤ «ሕሊና ቢስ» ስንልም ክፉ ማለታችን ነው። የሃክን ሕሊና የሠራው ግን በዙሪያው ያለው ኅብረተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጭምር ነው። በምዕራፍ 16 ጂም ነፃ ስወጣ ሠርቼ ሚስቴን እገዛለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን ልጆቻችንን፤ ጌታቸው አልሸጥም ካለም አሰርቃቸዋለሁ ሲል ሃክ ይደነግጣል። የሚያሳዝኑት ልጆቹ አይደሉም፤ ምንም ያልበደለው የልጆቹ «ባለቤት» ነው። ሕሊናው የሚያሰቃየው ጂምን ስላላስያዘ ነው።

ምዕራፍ 31ን በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ጂም በ40 ዶላር ተሸጧል። ሃክ ሊጸልይ ይንበረከካል፤ ቃል እምቢ ይለዋል። ከዚያ ጂም ያለበትን የሚገልጽ ደብዳቤ የጂም «ባለቤት» ለነበረችው ለሚስ ዋትሰን ይጽፍና ከኃጢአት የታጠበ ያህል ቀለል ይለዋል። ቀጥሎ ግን ጉዞው ትዝ ይለዋል፤ እሱን ላለመቀስቀስ ጂም በራሱ ተራ ላይ የእሱንም ተራ ደርቦ ሲጠብቅለት፣ ከጉሙ ሲመለስ በደስታ ሲቀበለው። ወረቀቱን በእጁ ይዞ ይንቀጠቀጣል። «እሺ፣ እንግዲያው ሲኦል እገባለሁ» ይልና ይቀደዋል። ሲኦል የሚለው ለማጋነን አይደለም፤ በእውነት እንደሚገባ ያምናል። ጂምን ለማዳን የወሰነው ትክክል ነኝ ብሎ ሳይሆን ኃጢአተኛ መሆኑን ተቀብሎ ነው። «ተረዳ» ብሎ የሚያስተምር ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ነገር ከተማሪው እጅ ይቀማል።

ወዳጅነታቸውን የእኩያሞች አድርጎ መያዝም ሌላው ስህተት ነው። በምዕራፍ 15 ሃክ ጉሙን «ሕልም ነው ያየኸው» ብሎ ያታልለዋል፤ ጂም በወዳጁ ራስ ላይ ቆሻሻ የሚደፋ ሰው ራሱ ቆሻሻ መሆኑን ነግሮት ይነሣል። ሃክ ይቅርታ ለመጠየቅ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ይላል፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ይኸው ልጅ ሊያስይዘው ተነሥቶ ይሄዳል። ጂም ከኋላ «ያለኸኝ ወዳጅ አንተ ብቻ ነህ» ብሎ የሚጮኸው ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ሕይወቱ በአንድ የ13 ወይም 14 ዓመት ልጅ አንደበት ላይ የተንጠለጠለ አባወራ ቃል መሆኑንም አይርሱ። ስለዚህ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሃክን «ጋሼ ጂም» ቢያሰኘው ያበላሸዋል፤ ልጁ አዋቂውን «አንተ» ማለቱ የዚያ አገር ሥርዓት ነው። ጂም ግን ሃክን «ልጄ» ቢለው ያምርበታል።

እንዲህ ያለ ወዳጅነት የልብ ወለድ ፈጠራ ብቻ ነው የሚሉም አይጠፉም። ከባርነት ያመለጠው ጸሐፊ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ በባልቲሞር ሲኖር ድሃ ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጣቸው ማንበብ እንዳስተማሩት ይተርካል። ስማቸውን ግን አልጻፈም፤ ባሪያን ማስተማር እንደ ወንጀል በሚታይበት አገር እንዳያሳፍራቸው ብሎ።

በመጽሐፉ ውስጥ ለጥቁሮች ከ200 ጊዜ በላይ የተጻፈውን የስድብ ቃል በሙሉ «ባሪያ» ብሎ መተርጎም አይሆንም። አንዱ ቃል የሕግ ሁኔታን ይገልጻል፤ ሌላው ነፃውንም ጥቁር የሚያዋርድ ነው። በምዕራፍ 6 የሃክ አባት ሰክሮ የሚሰድበው ከኦሃዮ የመጣ ነፃ ሰው፣ ያውም በአገሩ የመምረጥ መብት ያለው የኮሌጅ መምህር ነው። እሱን «ባሪያ» ካሉት የአባትየው ንዴት መነሻው ይጠፋል። በ2011 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ስድቡን «ባሪያ» በሚለው የተካ እትም ሲያወጣ የገጠመው ችግር ይኸው ነው። በእኛም አገር ቃሉ የራሱን ቁስል የተሸከመ ስለሆነ አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የጂም ንግግር በእንግሊዝኛው ከአፉ እንደሚሰማው ድምፅ የተጻፈ ነው። ከከበደዎት ጮክ ብለው ያንብቡት።

አሜሪካዊው ደራሲ አርነስት ሄሚንግዌይ ጂም ከተሰረቀበት ላይ ማንበብ አቁሙ ብሎ ነበር። አያቁሙ። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ያስቆጣሉ፤ መቆጣትም ይገባል። ጂም ታስሯል፤ የአልጋውን እግር ብድግ ቢያደርጉ ሰንሰለቱ ይወልቃል። የሃክ ጓደኛ ቶም ሶየር ግን ካነበባቸው የጀብዱ መጻሕፍት እየጠቀሰ እስር ቤቱን በአይጥ፣ በእባብና በሸረሪት ይሞላዋል። ሚስ ዋትሰን ከሁለት ወር በፊት ሞታ ጂምን በኑዛዜ ነፃ እንዳወጣችው እያወቀ! ቶም በጥይት ሲቆስል ጂም ሐኪም ሳይመጣ አልሄድም ብሎ ይቀራል፤ በዚህም ዳግመኛ ይያዛል። በመጨረሻ ቶም ለድካሙ 40 ዶላር ይሰጠዋል። ያንን ቁጥር ከምዕራፍ 31 ዋጋ ጋር፣ በምዕራፍ 16 ሃክ ዋሽቶ የመለሳቸው ኮብላይ አዳኞች ለእሱ ከሰጡት ሁለት ባለ 20 ዶላር ወርቅ ጋር ያስተያዩት።

ከዚያ ወደ ምዕራፍ 9 ይመለሱ፤ ብዙ ሰው የማይመለስበት ቦታ ነው። በጎርፍ በሚንሳፈፈው ቤት ውስጥ ጂም ሬሳ አይቶ የሬሳውን ፊት ይሸፍናል፤ ሃክንም እንዳያይ ይከለክለዋል። የማን ሬሳ እንደነበር የሚነግረው በምዕራፍ 43፣ ነፃ ከወጣ በኋላ ነው፤ የሃክ አባት ሬሳ ነበር። ሃክ ከቤት የጠፋው ያንን አባት ሸሽቶ ነበር። ጂም ዝም ያለው ልጁን ከሰቀቀን ሊያድነው ይሆን፣ ወይስ የሚሸሸው ነገር ከሌለ ሃክ ወደ ከተማ ተመልሶ ብቻውን እንዳይተወው ፈርቶ? ሁለቱንም እያሰቡ መጽሐፉን ከምዕራፍ 9 እንደገና ያንብቡት።